የሙሽሮች መክሰስ፦ ከውዳሴ ወደ ልኬት

በደሴና በኮምቦልቻ የሠርግ ወራት ሲቃረብ የየቤቱ ሥራ ይበዛል። በሆጤም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች እህል ይለቀማል፣ በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ጎረቤትና ዘመድ አዝማድ ለእገዛ ይሰበሰባል። ለሥራ ለተሰበሰበውም ሰው ቡና ይፈላለታል፤ ከቡናው ጋር ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም ዳቦ ይቀርባል። ለሠርጉ ዕለት ስለሚዘጋጀው ድግስ ሽማግሌው፣ እናቲቱና ሚዜው ሁሉ ይመክራል። ድግሱ ስለሚደገስላቸው ሁለት ሰዎች የዕለት ተዕለት አመጋገብ ግን እምብዛም አይመከርም። ሙሽሪትና ሙሽራው ከልብስ ሰፊ ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሯሯጡ ምሳ መዝለል የተለመደ ነው፤ ረኃቡም ብዙ ጊዜ በለስላሳ መጠጥና በብስኩት ይታለፋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ሙሽሪት ለፎቶግራፍ እንድታምር መክሳት አለባት የሚል ነው። ሁለተኛው የቀደምት ምግብ ሁሉ ጤናማ ስለሆነ ወደ ቆሎና ወደ በሶ መመለስ ብቻውን ይበቃል የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም አይቀበልም። ነባሩ የወሎ መክሰስ ለተጋቢዎች ከለስላሳና ከብስኩት እጅግ የተሻለ መሠረት ነው፤ ሆኖም ጥቅሙ የሚወሰነው በእህሉ ዓይነት፣ በአዘገጃጀቱና አብሮት በሚቀርበው ነገር ነው እንጂ ነባር በመሆኑ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ከተመራማሪዎች የሚጠበቀው ምግቡን ማወደስ ሳይሆን መለካት ነው። ለመለካቱም ሆነ ለማስተማሩ ከሠርግ በፊት ያሉትን ሳምንታት ያህል ምቹ ጊዜ አይገኝም።

የሚታወቀው ቀን

የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚገነቡበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁም። ቱቦው በሚገባ እንዳይዘጋ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ፣ በመከላከሉም ረገድ ከሁሉ ይልቅ በእጅ ያለው፣ የፎሌት እጥረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቶች ለመፀነስ ካሰቡበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ድረስ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ የሚመክረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ምክር በሰዓቱ የሚደርሳቸው ሴቶች ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ክኒኑ የሚገኘው በክትትል ክፍል ብቻ ከሆነ፣ ከአምስት እናቶች አራቱ ቢያገኙት እንኳ የሚያገኙት የነርቭ ቱቦው የሚዘጋበት ጊዜ ካለፈ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ክኒኑ ለደም ማነስ ይጠቅማቸው ይሆናል፤ ለነርቭ ቱቦው ግን ጊዜው አልፏል።

ይኸው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶ ያህሉ የደም ማነስ እንዳለባቸው፣ 22 በመቶ ያህሉ ክብደታቸው ከሚገባው በታች መሆኑን፣ 8 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከሚገባው በላይ መሆኑን አሳይቷል። በአንድ ከተማ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ክብደት መጨመር፣ ሌላዋ መቀነስ ሊኖርባት ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ ለሁሉም ሙሽራ «ክሺ» የሚል ምክር መስጠት፣ ቀድሞውኑ የቀጠነችውንና ደሟ ያነሰውን ሴት በእርግዝና ዋዜማ የበለጠ ማድከም ይሆናል።

የእርግዝና ቀን አስቀድሞ አይታወቅም፤ የሠርግ ቀን ግን ይታወቃል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጥሪ ተበትኖ የሚጠበቅ ቀን ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድም የመጀመሪያው ልጅ ከሠርግ በኋላ ሳይዘገይ ይጠበቃል። ለሥነ ምግብ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት የለም፤ በቅርቡ ልታረግዝ የምትችል ሴትና አጋሯ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚገኙ፣ ስንት ሳምንት እንደቀራቸው አስቀድሞ ታውቋል። የጎደለው ይህን ዕውቀት የሚጠቀምበት አሠራር ነው።

ጾምና ሠርግ ጎረቤት ናቸው

በወሎ የሠርግ ወራት አቀማመጥ ራሱ ለአመጋገብ ጥያቄ ያስነሣል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሠርግ በብዛት የሚደገሰው በጥርና ከትንሣኤ በኋላ ነው። የጥር ሠርግ የሚመጣው ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የሚዘልቀው ጾመ ነቢያት እንዳበቃ ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሠርግ ደግሞ የ55 ቀናቱን ዐቢይ ጾም ተከትሎ ይመጣል። በሙስሊሙም ዘንድ ረመዳን እንዳለፈ በሸዋል ወር መጋባት የተወደደ ነው። በመሆኑም የሠርግ ዝግጅት ሳምንታት በሁለቱም ሃይማኖቶች ብዙ ጊዜ ከጾም ሳምንታት ጋር ይደራረባሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ለኦርቶዶክሷ ሙሽራ በዝግጅት ሳምንታት የፕሮቲን፣ የብረትና የፎሌት ምንጮቿ ጥራጥሬ፣ የቅባት እህል፣ እህልና አትክልት ብቻ ናቸው። መክሰሱ በብስኩትና በለስላሳ ከተተካ የሚቀረው ክፍተት በወተት ወይም በእንቁላል አይሞላም። ሁለተኛ፣ ቫይታሚን ቢ12 በቆሎም ሆነ በንፍሮ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ስለዚህ ከጾሙ ፍቺ እስከ ሠርጉ ዕለት ባሉት ቀናት እንቁላልና ወተት ለሙሽሮቹ መታሰብ አለበት። ብዙ ጊዜ ግን እነዚያ ቀናት ዶሮውም ቅቤውም ለእንግዳ የሚቆጠብባቸው ቀናት ናቸው።

በሌላ በኩል ነባሩ መክሰስ በወሎ ልዩ ጸጋ አለው። በአንድ ድንኳን ሥር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው ሲቀመጡ የሥጋው ማዕድ ይለያያል፤ ቆሎውና ንፍሮው ግን አይለያይም። ማን አረደው ተብሎ የሚጠየቅበት ምግብ አይደለም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለሁሉም ተጋቢዎች የሚሆን አንድ የምግብ ምክር ይዘጋጅ ቢባል ከእህልና ከጥራጥሬ መክሰስ መነሣት ይቻላል።

ቆሎው ምን ይሰጣል?

የገብስ ቆሎ፣ በተለይም ለቆሎ ተመርጦ የሚዘራው ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ፣ ቤታ ግሉካን በተባለ የሚሟሟ አሰር የበለጸገ ነው። ይህ አሰር ምግብ ቶሎ ከሆድ እንዳይወጣና ስኳር በደም ውስጥ በድንገት እንዳይጨምር ይረዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 በገብስ ምርቶች ላይ ከልብ በሽታ መከላከል ጋር የተያያዘ መግለጫ እንዲጻፍ የፈቀደው በዚሁ አሰር ምክንያት ነው። ሽምብራ በደረቁ ከ100 ግራም 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ገብስና ሽምብራ ሲቀላቀሉ ደግሞ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን በጥራጥሬ ውስጥ አለ፤ በጥራጥሬ ውስጥ የሚያንሱት ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች በእህል ውስጥ አሉ። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው የስንዴና የባቄላ ጉልባንም በዚሁ መርህ የተሠራ ነው፤ ባህሉ ስሙን ሳይጠራ ሥራውን ሠርቶታል።

ተልባም እንዲሁ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ቢበላ ብዙው ሳይፈጭ ያልፋል። በኢትዮጵያ ግን ተልባ ተቆልቶና ተፈጭቶ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ቅባት ለሰውነት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ረገድ የወሎ እናት ከማንኛውም አዲስ ምክር ቀድማለች።

እስከዚህ ድረስ ውዳሴው ትክክል ነው። ነገር ግን ልኬት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። 100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ 170 ማይክሮ ግራም ያህል ፎሌት አለው። ይህ ጥሩ መጠን ነው፤ ሆኖም በምግብ ውስጥ ያለው ፎሌት ሰውነት ውስጥ የሚገባበት መጠን በክኒን ካለው ፎሊክ አሲድ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ፎሌት በውሃ የሚሟሟና በሙቀት የሚጎዳ ስለሆነ የንፍሮው ውሃ ሲደፋ አብሮ ይደፋል፤ ቆሎው ሲያርም ይቀንሳል። ስለዚህ «ሙሽሪት ንፍሮ ስለምትበላ ክኒን አያስፈልጋትም» የሚል አነጋገር ከጉዳት የራቀ አይደለም። ንፍሮው ምግብ ነው፤ ክኒኑም መከላከያ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም።

ስምም ሊያሳስት ይችላል። ዳቦ ቆሎ በስሙ ቆሎ ቢሆንም በገበያ ላይ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከነጭ የስንዴ ዱቄት ተሠርቶ በዘይት የሚጠበስ ነው። በሶም ቢሆን በብዙ ስኳር ከተበጠበጠ ከለስላሳ መጠጥ ብዙም አይለይም። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከምግብ ጋር የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ገደማ ነው። አንዱ ጠርሙስ ብቻ የዕለቱን ገደብ ከግማሽ በላይ ይወስዳል።

የቡና ቁርስ ጥያቄ

በወሎ ባህል መክሰስና ቡና አይነጣጠሉም፤ «የቡና ቁርስ» የሚለው አጠራር ራሱ ይህን ይመሰክራል። ለብረት ንጥረ ነገር ግን ይህ ጉርብትና መልካም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ከምግቡ የሚገኘውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው የሰዓቱ ነገር ነው፤ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ቅነሳ አልታየም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ቀንሷል።

ጥናቱ የተካሄደው ሥጋ ባለው ምግብ ነው። የቆሎና የንፍሮ ብረት ደግሞ ከሥጋው ብረት ይልቅ በቀላሉ የሚታገድ ዓይነት ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትም ብረቱን ይይዘዋል። ሦስት ዙር ቡና በሚጠጣበት፣ በእያንዳንዱም ዙር እፍኝ ቆሎ በሚዘገንበት ቤት የሙሽሪት ደም ማነስ በቆሎ ይታከማል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው።

መፍትሔው ቡናውን ማስቀረት አይደለም። የሠርግ ሰሞን ቡና የሚጠጣበት ብቻ ሳይሆን የሚመከርበት፣ የሚታረቅበትና የሚመረቅበት ሰዓት ነው። መፍትሔው የሙሽሮቹን መክሰስ ከቡናው መለየት ነው፤ ቡናው ይቅደም፣ ንፍሮው ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ለብቻው ይምጣ። ከንፍሮው ጋርም በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነገር ይጨመር። በኮምቦልቻ ዙሪያና በቃሉ ቆላማ ቀበሌዎች የሚበቅሉት ብርቱካንና ዘይቱን፣ አለዚያም አረንጓዴ ቃሪያና ሎሚ ለዚህ ይበቃሉ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳልና።

ባህሉ ለፋይቴቱም መልስ አለው። እህልንና ጥራጥሬን መዘፍዘፍና ማብቀል ፋይቴትን ይቀንሳል። በቆልትና አሹቅ የሚባሉት የባቄላ አዘገጃጀቶች በውሃ መራስን ወይም መብቀልን የሚጠይቁ ናቸው። ዛሬ እነዚህ ምግቦች ከጾም ማዕድ ውጭ እምብዛም አይታዩም። ለተጋቢዎች የሚመከረው መክሰስ አንድ ብቻ መሆን ቢኖርበት፣ ከተቆላው ይልቅ የበቀለው መቅደም ይገባው ነበር።

የደላንታ ትምህርት

«የቀደምት ምግብ ሁሉ ጤናማ ነው» ለሚለው አስተያየት ጠንካራው መልስ የሚገኘው እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ በደላንታና በዳውንት አካባቢ ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ድርቅን የሚቋቋመው ጓያ ቀረ። ሕዝቡም ከጓያ በቀር የሚበላው ሲያጣ የእግር ሽባነት በወረርሽኝ መልክ ተከሠተ። በሽታው ላቲሪዝም ይባላል፤ ምክንያቱ በጓያ ውስጥ የሚገኘው ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዛም አሚኖ አሲድ ነው። ከተጎዱት መካከል ወጣቶች፣ በተለይም ወንዶች፣ ብዙ ነበሩ፤ የጋብቻ ዕድሜ ላይ የደረሱ ሰዎች ማለት ነው።

ከወረርሽኙ በኋላ በዚያው አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች ያገኙት ውጤት ለመክሰስ ጥያቄ በቀጥታ የሚሠራ ነው። ጓያን በንፍሮ መልክ ወይም እሸቱን በጥሬው መብላት ከሽባነት አደጋ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ ቦክቶ በእንጀራ መልክ ወይም በወጥ መልክ መብላት ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት አላሳየም። ጓያው ከእህል ጋር ሲቀላቀል ወይም ወጡ እንደ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ባሉ ማጣፈጫዎች ሲሠራ አደጋው ቀንሶ ታይቷል። አንዱ ጥራጥሬ፣ በአንዱ አካባቢ፣ በአንዱ ባህል ውስጥ፣ እንደ አዘገጃጀቱ ጎጂም ጉዳቱ የቀነሰም ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩን የለየው ደግሞ የምግቡ ነባርነት ሳይሆን ጥናቱ ነው።

ተራው ተጋቢ ከዚህ የሚወስደው ምክር አጭር ነው፤ የሽምብራ፣ የአተርና የባቄላ ንፍሮ መልካም ነው፤ የጓያ ንፍሮ የዕለት መክሰስ መሆን የለበትም። ተመራማሪው የሚወስደው ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ጓያ ያስከተለውን ጉዳት ለመረዳት ሰዎች ሽባ እስኪሆኑ መጠበቅ ካስፈለገ፣ የሌሎቹን መክሰሶች ጥቅምና ጉድለት ለማወቅ ጥፋት መጠበቅ አያስፈልግም።

ከህንድ ምን ይወሰዳል?

በዚህ ጉዳይ ህንድን ማየት ይጠቅማል፤ እዚያም የተቆላ ሽምብራ፣ የበቀለ ማሾና ከሰሊጥ የሚሠራ ጣፋጭ ነባር መክሰሶች ናቸው፤ ለሙሽሮችም ይመከራሉ። የተቆላው ሽምብራ ከወሎው ቆሎ አይለይም። የሰሊጡ ጣፋጭ ላዱ ግን ከሸንኮራ በሚወጣ ጥቁር ስኳር የሚሠራ ነው፤ ስኳሩ ነባር ስለሆነ ስኳርነቱ አልቀረም። ጓያንም በሚመለከት ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን የሚከለክል እርምጃ ወስዳ ነበር። በአንድ ባህል ውስጥ የሚወደሰውም የሚከለከለውም አብረው ይኖራሉ፤ መለየቱ የዕውቀት ሥራ ነው።

ለደቡብ ወሎ ይበልጥ የሚቀርበው የማሾ ነገር ነው። በቃሉና በአካባቢው ቆላማ ሥፍራዎች ማሾ ይመረታል፤ የሚመረተው ግን በአብዛኛው ለገበያ ነው፤ ብዙውም ወደ ውጭ ይላካል። በእስያ ተዘፍዝፎና በቅሎ መክሰስ የሚሆነው ማሾ ባመረተው ገበሬ ቤት እምብዛም ለምግብ አይውልም። ማሾን አብቅሎ በሎሚና በቃሪያ ማቅረብ ባህልን አፍርሶ አዲስ መጫን አይደለም፤ የባቄላ በቆልትን የሚያውቅ ቤት ማሾውንም ያውቅበታል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሸክሙን ሁሉ በሴቷ ላይ ይጥላል የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ምክሩም ለሁለቱ ተጋቢዎች መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ፎሊክ አሲዱ የሚመለከተው ሴቷን ቢሆንም ምሳ የሚዘልለውና ረኃቡን በጫት የሚያስታግሠው ሙሽራ ለነገው ቤተሰብ ማዕድ መልካም ጅማሬ አይሆንም፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ በአዲሱ ጎጆ ምን እንደሚገዛና ምን እንደሚበላ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የያዘው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጋብቻን ከልጅ ጋር ብቻ ያያይዛል የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ መውለድን የሚያዘገዩ ተጋቢዎች አሉ፤ መብታቸውም ነው። ለእነርሱም ቢሆን የደም ማነስን ማወቅና የስኳርን መጠን መቀነስ አይጎዳም። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ለተጋቢዎች የሚሰጥ የምግብ ምክር ላልደረሰች ልጅ ጋብቻ ማጀቢያ መሆን አይችልም፤ እንዲያውም ዕድሜዋ ያልደረሰ ሙሽራ ስትገኝ ሠርጉን ለማስቆም አንድ ተጨማሪ ዓይን መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ችግሩ የኑሮ ውድነት እንጂ የዕውቀት አይደለም የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ለሠርግ ቀን ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ቤተሰብ ለሙሽሪት በቀን አንድ ስኒ ሽምብራ የሚያጣው ከድህነት ብቻ አይደለም። ስለ ዱቄትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንግሥት የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ማውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከገበያ ተሸምቶ በሰፈር ወፍጮ የሚፈጨው ጤፍ፣ ማሽላና ገብስ በዚህ ደረጃ አይሸፈንም፤ ቆሎውማ ከዱቄት ቤት አያልፍም። ስለዚህ የማበልጸግ መርሐ ግብሩ ለወሎ ተጋቢዎች ብቻውን መልስ አይሆንም።

ከተመራማሪው የሚጠበቀው

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ጥራጥሬንና የቅባት እህልን በየዕለቱ ማዕድ ውስጥ እንዲገኙ ይመክራል። አገር አቀፍ መመሪያ ግን የሆጤን ቤት ቡና ሰዓት አያውቅም። ያን የማወቅ ኃላፊነት የአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ የጤና ሳይንስ፣ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው አጭር መንገድ ሲሆን ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዚህ የቀረበ የጥናት ሜዳ የለም።

ሊሠሩ ከሚገባቸው መካከል አራቱ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ የአካባቢው ቆሎ፣ ንፍሮ፣ በሶ፣ በቆልትና አሹቅ በቤት እንደሚዘጋጁት ተዘጋጅተው የፎሌት፣ የብረት፣ የዚንክና የፋይቴት መጠናቸው ይለካ፤ የጥሬው እህል ቁጥር የተቆላውን አይገልጽምና። ሁለተኛ፣ የመክሰስና የቡናን ሰዓት መለየት በተጋቢ ሴቶች የሂሞግሎቢንና የፌሪቲን መጠን ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ይፈተን። ሦስተኛ፣ በሠርግ ዝግጅት ሳምንታት ሙሽሪት የምትበላውን የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ እናት፣ ሚዜ ወይስ የመክሳት ምኞት፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘዴ ይጠና። አራተኛ፣ የአገልግሎት ሙከራ ይደረግ። ብዙ የሃይማኖት ተቋማት ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት መጠየቃቸው የተለመደ ሆኗል፤ በመሆኑም ብዙ ተጋቢዎች ከሠርጋቸው በፊት አንድ ቀን አብረው ወደ ጤና ተቋም ይሄዳሉ። በዚያው ቀን የሂሞግሎቢን ምርመራ፣ የፎሊክ አሲድ ክኒንና የአሥር ደቂቃ የምግብ ምክር ቢሰጣቸው ተጨማሪ ጉዞ አይጠይቃቸውም። ይህ አሠራር ምን ያህል ተጋቢዎችን እንደሚደርስና ምን ያህሎቹ ክኒኑን እንደሚቀጥሉ መመዝገብ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው።

የጥናቶቹ ውጤት እስኪገኝ ድረስ ዛሬ ላሉት ተጋቢዎች በእርግጠኝነት የሚነገር ምክር አለ። ምሳ አይዘለል። ከለስላሳና ከብስኩት ይልቅ የገብስና የሽምብራ ድብልቅ ቆሎ ይያዝ፤ ንፍሮው ውሃው ሳይደፋ ይቀቀል፤ በሚቻልበት ጊዜ የበቀለ ባቄላ ወይም ማሾ ይቅደም። መክሰሱ ከቡናና ከሻይ ይለይ፤ ከፍራፍሬ ወይም ከቃሪያ ጋር ይበላ። ጓያ ለመክሰስ አይሁን። ጾሙ ሲፈታ እንቁላሉና ወተቱ ለእንግዳ ብቻ አይቆጠብ። ከሁሉም በላይ ለመውለድ ያሰበች ሙሽራ ፎሊክ አሲድ ከሠርጉ በፊት ትጀምር፤ የክትትል ክፍሉን አትጠብቅ።

በዚህ ውስጥ አዲስ የሆነ ምግብ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ቀድሞም በየቤቱ ጓዳ አለ። የሚጎድለው ከጓዳው ያለው ነገር መቼ፣ እንዴትና ከምን ጋር እንደሚበላ በአስተማማኝ ቁጥር የሚናገር የአካባቢው ጥናት ነው። ያ ጥናት ካልተሠራ የመክሳት ማስታወቂያውና የነባርነት ውዳሴው መሟገታቸውን ይቀጥላሉ፤ ሙሽሪትም ከነደም ማነሷ ወደ ድንኳኑ ትገባለች።